ያውቁ ኖሯል? በቀን 21,600 ትንፋሽ

የሂንዱ ዮጋ ሊቃውንት ሰው በአንድ ቀንና ሌሊት 21,600 ጊዜ ይተነፍሳል ብለው መጻፋቸውን ያውቁ ኖሯል? ሲካፈል በደቂቃ 15 ይመጣል። የዛሬ ሐኪሞች ደግሞ ዐርፎ ለተቀመጠ አዋቂ ከ12 እስከ 20 ይላሉ። ስሌቱ ግሩም ነው!

ትንፋሽን የመግዛት ጥበብ ፕራናያማ ይባላል። የዮጋ ሊቁ ፓታንጃሊ ከዘረዘራቸው ስምንት የዮጋ እርከኖች አራተኛው ነው። ምግባር፣ የግል ሥርዓትና አቀማመጥ ይቀድሙታል፤ ጠባዩን ያልገራ ትንፋሹን ልግራ ቢል አያምርበትም።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስዋትማራማ የጻፈው «ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ» በሰውነታችን 72,000 ናዲ፣ ማለትም የሕይወት ኃይል የሚመላለስባቸው ስውር መስመሮች እንዳሉ ይናገራል። ኢዳ በግራ አፍንጫ በኩል ነው፤ የጨረቃ ይባላል። የፀሐዩ ፒንጋላ በቀኝ ነው። ሱሹምና መካከሉን፣ አከርካሪን ተከትሎ ይወጣል። ናዲን በቀዶ ሕክምና ያየ የለም፤ «ነርቭ ማለታቸው ነው» የሚሉትንም አልቀበልም። የአፍንጫው ነገር ግን እውነት አለው። እስኪ አሁኑኑ አንዱን ቀዳዳ በጣትዎ ደፍነው ይተንፍሱ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ብዙ ጊዜ አንዱ ጠበብ ብሎ ይገኛል፤ ውስጡ ያለው ሥጋ በደም ስለሚያብጥ ነው። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ተራው ይቀየራል። ጀርመናዊው ሐኪም ካይዘር ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው፤ ዮጊዎቹ ግን ቀድመው ግራና ቀኙን እየለዩ ይተነፍሱ ነበር።

ብራማሪ የሚባለው ልምምድ አፍን ገጥሞ እንደ ንብ «እምምም» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች ሲለኩ፣ በዝምታ ከመተንፈስ ይልቅ እንዲህ ሲባል ከአፍንጫ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ 15 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ጋዙ የደም ሥርን ያሰፋል።

ለቢጠናና ለሶዶ አንባቢዎቻችን ደግሞ ይህችን፦ ሶዶ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ግድም ናት። በዚህ ከፍታ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለችው የሕንዷ ሙምባይ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ከሙምባይ የመጣ ዮጊ የሶዶውን ዳሞታ ተራራ ሲወጣ ቢያለከልክ አይፈረድበትም።



ያው የስዋትማራማ መጽሐፍ፣ ትንፋሽ እንደ አንበሳና እንደ ዝሆን ቀስ ተብሎ ካልተገራ ስቅታ፣ ሳል፣ አስምና ራስ ምታት ያመጣል ሲል ያስጠነቅቃል። እርጉዝ ከሆኑ፣ ወይም የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ካለብዎ ሐኪም ሳያማክሩ ትንፋሽ አፍኖ መቆየትን አይሞክሩ።