ታች ማለት የት ነው?

አዲስ አበባ ላይ መንገድ የጠየቀ ሰው "ከፋርማሲው ወረድ ብሎ" ወይም "ከአደባባዩ ከፍ ብሎ" የሚል መልስ ነው የሚያገኘው። ሰሜንና ደቡብ ብሎ የሚያመለክት ብዙም የለም። ከተማዋ ከእንጦጦ ተነሥታ ወደ ቦሌና ወደ አቃቂ የምትወርድ ስለሆነች፣ ላይ ማለት የእንጦጦ በኩል፣ ታች ማለት የአቃቂ በኩል ነው። ከተራራው አናት እስከ አቃቂ ሜዳ ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት አለና፣ እግራችን የሚያውቀውን አቅጣጫ ምላሳችን መናገሩ አይገርምም።

እኔ የተወለድኩት ጋይንት ነው። እዚያ አገሩ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት ይባላል፤ ከጎንደር ወደ ሰሜን ሲዘለቅም ላይ አርማጭሆና ታች አርማጭሆ አሉ። በልጅነታችን "ታች ነው ያለው" ሲባል ማንም ወደ እግሩ ሥር አይመለከትም፤ ወደ ወንዙ፣ ወደ ቆላው ነው ዐይን የሚሄደው። ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ከሆነ ወዲህ፣ ይህች ቃል በሌላው ሕዝብ አፍ ምን እንደምትመስል ማሰባሰብ ልማዴ ሆኗል። የየአገሩ ሰው ታችን የሚከፍለው በየራሱ ነው፤ የአማርኛው አከፋፈል ደግሞ ልንጠብቀው የሚገባ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኛ "ሥር" እና "ታች" የሚሉ ሁለት ቃላት አሉን። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሁለቱንም አብዛኛውን ጊዜ በ"አንደር" ይጠቀልላቸዋል፤ እኛ ግን እንለያቸዋለን። ከዋርካው ሥር ተቀመጥን ያለ ሰው ግንዱን ተደግፎ፣ ጥላው ውስጥ ገብቶ ነው የተቀመጠው። ከዋርካው በታች ተቀመጥን ካለ ግን ቁልቁል ወርዶ ነው፤ ዋርካው ራቅ ብሎ ከበላዩ ይታየዋል። ሥር መጠጋትን ይፈልጋል፤ ለታች ዝቅ ማለት ይበቃዋል። የመሬት ወሰን ሲነገር ይህ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። "ከዋርካው ሥር ያለው ማሳ" እና "ከዋርካው በታች ያለው ማሳ" የሁለት ባለቤቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሽማግሌ ሲመሰክር ቃሉን መርጦ ነው። ልጅ እናቱን ከሥር ከሥሯ ይከተላል እንላለን። ከታች ከታቿ ብንል ሁለቱ ተራራ የሚወጡ ይመስላል።

ልዩነቱ ከመሬት ተነሥቶ እስከ ሕግና እስከ ቁጥር ይዘልቃል። ተጠርጣሪ በቁጥጥር ሥር ዋለ ነው የሚባለው፤ የያዘው አካል እጁን ጭኖበታልና። ዕድሜና ዋጋ ሲሆን ግን ከ18 ዓመት በታች፣ ከመቶ ብር በታች እንላለን፤ እዚህ የሚጠጋጋ ነገር የለም፣ መሰላል ላይ ዝቅ ማለት ብቻ ነው። ሜሪላንድ ያደገችው የእህቴ ልጅ በስልክ "አክስቴ፣ ጫማውን ከሃያ ዶላር ሥር ነው የገዛሁት" ስትለኝ፣ ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለው ቃል ሁሉ አማርኛ ነው፤ አከፋፈሉ ግን የእንግሊዝኛው ነው። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ አንዴ የዋርካውን ነገር ስነግራት ያዘችው።

ጎረቤቶቻችንስ? አፋን ኦሮሞ እንደኛው ይከፍለዋል። በቁጥጥር ሥር የሚለው ላይ "ጀላ"፣ ከ18 ዓመት በታች የሚለው ላይ ደግሞ "ገዲ" ይገባል። ትግርኛ ግን ለሁለቱም "ትሕቲ" ይላል፤ ከ17 ዓመት በታች ያለው የእግር ኳስ ቡድንም ትሕቲ ነው፣ በቁጥጥር ሥር የዋለውም ትሕቲ ነው። ይህን ሳስተውል ቆም ብዬ አሰብኩ። በዘር ትግርኛ ለአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ሴማዊ ናቸው። ኦሮምኛ የኩሽ ወገን ነው። ሆኖም በዚህች ጉዳይ ከኦሮምኛ ጋር ነው የተስማማነው። አብረው የኖሩ ቋንቋዎች ከቃል አልፈው ነገርን የሚከፍሉበትንም መንገድ ይወራረሳሉና፣ እዚህም የሆነው ይኸው ይመስለኛል። የቃሎቹን የትውልድ ሐረግ ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። "ታች" የግእዙ "ታሕት" ልጅ ናት፤ የትግርኛው "ትሕቲ"፣ የዐረብኛው "ተሕተ" እና የዕብራይስጡ "ታኻት" እኅቶቿ ናቸው። "ትሕትና"ም ከዚያው ወገን ነው፤ ራስን ዝቅ ማድረግ። በሴማውያኑ ዘንድ የነበረችው አንዷ ቃል ይህች ናት። አማርኛ እሷን ይዞ፣ የዛፍ ሥርን ደግሞ ጨምሮባት ሁለተኛ ቃል አበጀ። የዛፍ ሥርና የደም ሥር የምንለው፣ በግእዝ "ሥርው" የሚባለው፣ ያው ነው ከአልጋ ሥር ስንል የሚመጣው።

ዕብራይስጡ ቃል በሌላ በኩል ሄዷል። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ለጠፋ ዐይን ዐይን እንዲከፈል በሚያዘው ሕግ ላይ፣ እኛ "ስለ" በምንልበት ቦታ የገባው "ታኻት" ነው። የአንዱ ነገር ሥፍራ ሲለቀቅ ሌላው ከሥሩ ገብቶ ይተካዋል ከሚል ሐሳብ፣ "በታች" የነበረው "በምትክ" ሆነ።

አንድ ችግር ግን አማርኛችን አለበት። "ድመቷ ከአልጋው ሥር ተኛች" እንላለን፤ "ድመቷ ከአልጋው ሥር ወጣች"ም እንላለን። "ከአልጋው ሥር" የሚለው በሁለቱም አንድ ነው፤ እዚያው መሆኗንና ከዚያ መነሣቷን የሚነግረን ግሡ ብቻ ነው። የፊንላንድ ሰዎች ይህ ችግር የለባቸውም። እዚያው ሥሩ ላለ ነገር "አላ"፣ ወደ ሥሩ ለሚገባ "አለ"፣ ከሥሩ ለሚወጣ "አልታ" ይላሉ፤ በአንዲት የቃል ጫፍ ድመቷ የት እንደሄደች ይታወቃል።

እኛ የዛፍን ሥር ስንወስድ ሌላው ምን ወሰደ? ብዙው ሕዝብ የወሰደው መሬትን ነው። በስዋሂሊ "ቺኒ" ማለት ታች ነው፤ የተወለደውም አገርና ምድር ከሚለው "ንቺ" ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው "ኒ" ቦታን የምታመለክት ናት። በሾና ቋንቋ "ፓሲ" መሬትም ነው ታችም ነው፤ ዚምባብዌ ውስጥ በፖለቲካ ሰልፍ ላይ እኛ "ይውደም" በምንልበት ቦታ የሚጮኸው ይኸው ቃል ነው። እጅግ ርቆ ባልቲክ ባሕር ዳር ያሉት ላትቪያውያን መሬትን "ዜሜ"፣ ሥርን ደግሞ "ዜም" ይላሉ። ጀርመናዊው የቋንቋ ምሁር በርንድ ሃይነ የአፍሪካን ቋንቋዎች ሲያጠና ለታች የሚሆነው ቃል በብዛት የሚመነጨው ከመሬት መሆኑን አሳይቷል። በሶማሊኛ ደግሞ "ሆስ" ታችም ጥላም ነው። ፀሐይ በሚያቃጥልበት ሜዳ ላይ ለሚኖር ሕዝብ፣ ከአንድ ነገር ሥር መግባት ጥላ ከማግኘት እንደማይለይ የሚያስረዳ ሰው አያሻኝም።

የሚገርመው የእንግሊዝኛው "ዳውን" ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ "ዱን" ማለት ኮረብታ ነበር፤ "ኦፍ ዱኔ" ሲሉ ከኮረብታው ላይ ማለታቸው ነው። በአፍ ሲመላለስ መነሻው ተቆርጦ ወደቀና ኮረብታ የነበረው ቃል ታች ሆኖ ቀረ። በደቡብ እንግሊዝ ዛሬም ሳውዝ ዳውንስ የሚባሉት ቦታዎች ኮረብታዎች ናቸው።

የሰውን አካል የወሰዱም አሉ። በሜክሲኮ ቻልካቶንጎ በሚነገረው ሚክስቴክ ቋንቋ ድንጋዩ ከጠረጴዛው ሥር ነው ለማለት፣ ድንጋዩ የጠረጴዛው ሆድ ጋ ነው ይባላል። ለእንስሳ አስበው ካዩት አይከብድም፤ የአራት እግር ፍጥረት ሆዱ ነው ወደ ታች የሚያየው። እኛም ከአካል ያልወሰድን አይምሰላችሁ። የአልጋ ራስጌና ግርጌ የምንለው ከራስና ከእግር ነው፤ የተራራ ግርጌና የገጽ ግርጌ ከዚያ መጡ።

እስካሁን ያልኩት ቃሉ ከየት እንደመጣ ነው። ቃሉ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ያየሁት ግን የሜክሲኮዋ ቺያፓስ ተራራማ አገር ሰዎች ስለሆኑት የቴኔሃፓ ጸልታሎች ሳነብ ነው። ፔኔሎፒ ብራውን እና ስቲቨን ሌቪንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ አገሩ ከደቡብ ወደ ሰሜን ስለሚወርድ ጸልታሎች ደቡብን ዳገት፣ ሰሜንን ቁልቁለት ብለው ነው የሚጠሩት። እስከዚህ ድረስ እንደ አዲስ አበባ ነው። ሆኖም እነሱ ግራና ቀኝ በምንልበት ቦታም ይህንኑ ይጠቀማሉ። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ ሁለት ዕቃዎች አንዱ የቁልቁለቱ፣ አንዱ የዳገቱ ይባላል። አንዲት የቴኔሃፓ ሴት ከተራራው ወርዳ በማታውቀው ከተማ ሆቴል ያደረች ሌሊት፣ ሙቅ ውሃው በዳገቱ በኩል ባለው ቧንቧ እንደሆነ ባሏን መጠየቋን ሌቪንሰን ጽፏል። ተራራው ርቆ ቀርቶ፣ አቅጣጫው ግን ከሷ ጋር ሆቴል ገብቷል። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ያሉት ዩፕኖዎች ደግሞ ጊዜንም በተዳፋት ነው የሚያዩት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የራፋኤል ኑኜዝና የባልደረቦቹ ጥናት እንደሚለው፣ ስለ ትናንት ሲያወሩ እጃቸው ቁልቁል ወደ ወንዙ መውጫ፣ ስለ ነገ ሲያወሩ ሽቅብ ወደ ምንጩ ይጠቁማል። ቻይናውያን በተቃራኒው መጪውን ወር የታች ወር፣ ያለፈውን የላይ ወር ይሉታል።

ተራራ በሌለበት ወንዝ ይተካል፤ ለዚህ ደግሞ ከግብፅ የተሻለ ምስክር የለም። የታችኛው ግብፅ የሚባለው በስተሰሜን ያለው፣ ካርታ ላይ ከላይ የሚታየው ነው። ዓባይ ወደዚያ ስለሚወርድ ታች እዚያ ነው። የጥንት ግብፃውያን በቋንቋቸው ከወንዙ ጋር መውረድና ወደ ሰሜን መጓዝ አንድ ግሥ ነበራቸው፤ ሽቅብ መቅዘፍና ወደ ደቡብ መጓዝም እንዲሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1500 አካባቢ ፈርዖን ቱትሞስ ቀዳማዊ ኑቢያ ውስጥ ቶምቦስ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ኤፍራጥስን የተገለበጠ ውሃ አለው፤ ወደ ደቡብ እየፈሰሰ ቁልቁል የሚሄድ ወንዝ አይተው አያውቁም ነበርና። ዐረቡ የካርታ ሊቅ አል ኢድሪሲ እ.ኤ.አ. በ1154 ለሲሲሊ ንጉሥ የሠራው ካርታም ደቡብን ከላይ ነበር ያደረገው። እኛም በየዜናው የታችኛው ተፋሰስ አገራት እያልን ሱዳንና ግብፅን ስንጠራ የምንከተለው ውሃውን ነው። በዚህ ጉዳይ ቋንቋችን ከጥንቶቹ ግብፃውያን ጋር አንድ ነው፤ ተናጋሪዎቹ የቆምንበት ቦታ ብቻ ነው የሚለየው፣ እነሱ መውጫው ላይ፣ እኛ ምንጩ ላይ።

ስለ ግሥ ሳልናገር ብቀር ትልቁን ነገር ዘለልኩ ማለት ነው። አማርኛ መውረድን በግሡ ውስጥ ይከታል። እንግሊዝኛው ሮጠ ብሎ "ዳውን" ይጨምርበታል፤ እኛ "እየሮጠ ወረደ" እንላለን። ለእነሱ ሩጫው ይቀድማል፣ ለእኛ መውረዱ ራሱ ዋናው ነገር ነው። የኔፓል ኪራንቲ ሕዝቦች ከእኛም ይበልጣሉ፤ ወጥቶ መምጣት፣ ወርዶ መምጣትና በዚያው ከፍታ ተሻግሮ መምጣት ለእነሱ የተለያዩ ግሦች ናቸው። "ወረደ" ራሱ ጥንታዊ ነው። የዕብራይስጡ "ያራድ" ወንድሙ ሲሆን የያዕቆብ ልጆች እህል ሊሸምቱ ወደ ግብፅ የወረዱት በእሱ ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንም ፍልሰትን በዚሁ መሰላል ይለኩታል፤ ወደዚያ መግባት መውጣት፣ ከዚያ ለቆ መሄድ መውረድ ይባላል። በዐረብኛ "ወረደ" ወደ ውሃ መጠጫ መድረስ ነው። ይህን መዝገበ ቃላት ላይ ሳይ የጋይንት ሴቶች ውሃ ሊቀዱ ወንዝ ወረዱ የሚባለው ትዝ አለኝ፤ በረሃው ውስጥም ተራራው ላይም ውሃ ያለው ታች ነው።

ወደ ሥራዬ ልመለስ። አሁን ከሚደርሱኝ ጽሑፎች ብዙዎቹ "መንገዱ በግንባታ ሥር ነው"፣ "ጉዳዩ በጥናት ሥር ይገኛል" የሚሉ ናቸው። እንግሊዝኛው ሥራውን ከበላይ፣ የሚሠራውን ከሥር ያደርጋል። አማርኛው በተቃራኒው ነው፤ መንገዱ ግንባታ ላይ ነው፣ ጉዳዩ ጥናት ላይ ነው፣ መኪናው ጥገና ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ሲመጣ "ሥር"ን ሰርዤ "ላይ" እጽፋለሁ። ወጣቱ ጸሐፊ ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ የሰዋስው መጽሐፍ አልከፍትለትም። "ቤታችሁ ሲታደስ እናትህ ለእንግዳ ምን ይላሉ?" እለዋለሁ። "እድሳት ላይ ነን" ነው የሚሉት።