የቡናውን እርጥበት እንለካለን፤ የገለፈቱንስ?

ዛሬ ከማሽላና ከጤፍ ዋጋ በፊት ስለ ጉዝጓዝ ላውራ፤ ጫጩት ስር ስለሚነጠፈው። "ይሄ ደግሞ የኛ ገበያ ነው እንዴ?" የሚል አይጠፋም። ነው። የቡና ገለፈት፣ የጤፍ ጭድ፣ የማሽላ አገዳ ከእናንተው መጋዘንና አውድማ ነው የሚወጣው።

ባለፈው ክረምት እዚህ ቆቦ የተደራጁ ልጆች 300 የአንድ ቀን ጫጩት ሊያስገቡ ሲሉ "ጉዝጓዝ ፈልግልን" አሉኝ። ክረምት ላይ ጭድ ውድ ነው፤ ከብት ያለው ሁሉ ይሻማበታል። እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ ጤፍ አራግፎ ከአዲስ አበባ ባዶውን በሚመለስ አይሱዙ የቡና ገለፈት አስጫንኩላቸው። ከጭዱ ረከሰ። ኮሚሽኔን ተቀበልኩ፣ ልጆቹም መረቁኝ።

ለካ ገለፈቱ ሜዳ ላይ ተከምሮ ዝናብ መትቶታል። ላይ ላዩ ደርቋል፤ የማዳበሪያው ሆድ ግን ሞቅ ይላል፣ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። እኔ ከላይ ዘግኜ አይቼ "ደህና ነው" ብያለሁ። በሳምንቱ ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው መተንፈስ ጀመሩ። የእንስሳት ሐኪሙ የሞተች አንዷን ከፍቶ ሳንባዋ ላይ ነጫጭ ፍሬ የመሰለ ነገር አሳየን። "ሻጋታው ነው፤ መድኃኒት አትፈልጉ፣ ጉዝጓዙን አውጡ" አለ። በጭድ እስክንቀይረው 70 ጫጩት አለቀ። ኮሚሽኔን መለስኩ፤ ጫጩቱን ግን ከየት አመጣለሁ?

ቡና ላይ እርጥበቱ ከ12 በመቶ ትንሽ ካለፈ ስንት እንጨቃጨቃለን! ገለፈቱ ግን በዓይን ግምት ያልፋል። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

የጤፍ ጭድ፦ ራያ ላይ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ሲረገጥ ግን ይጋገራል፤ አጠር ተደርጎ ይከተፍ፣ ቶሎ ቶሎ ይገልበጥ።

የማሽላ አገዳ፦ እኛ ዘንድ ሞልቷል። እንዳለ ቢነጠፍ እርጥበት አይመጥጥም። ደቅቆ ከጭድ ጋር ሲደባለቅ ይሠራል።

የእንጨት ፍቅፋቂና ሰጋቱራ፦ ፍቅፋቂው ጥሩ ነው። ደቃቁን ሰጋቱራ ጫጩት እንደ መኖ ይለቅመዋል፣ አቧራውም ይጎዳል። የቺፑድና የኤምዲኤፍ ዱቄት ሙጫ ስላለበት ጭራሽ አይግባ።

የቡና ገለፈት፦ ደረቅ ከሆነ ይሆናል። የጀንፈሉ ገለፈት ግን ካፌይንና ታኒን አለው፤ ያገኙትን ሁሉ ለሚለቅሙ ትንንሾች ባይነጠፍ ይሻላል።

የቱንም ብትመርጡ ዋናው ድርቀቱ ነው። ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲያ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙለት ነው የሚበረታው። ቆላ ላይ ሙቀቱ አለ፤ እርጥበቱን እኛ ካቀረብንለት አለቀ። መፈተሻው ቀላል ነው፦ የተነጠፈውን ጨብጡት። እጅ ስታላቅቁ እንደ ኳስ ከቆየ ረጥቧል፤ ትንሽ ተያይዞ ከፈረሰ ልክ ነው፤ ጭራሽ ካልተያያዘ ደግሞ አቧራ ይሆናል። ስትገዙም እጃችሁን እስከ ማዳበሪያው ሆድ አስገቡ፣ አሽትቱ።

ሂሳቡም ይኸውላችሁ። 50 ካሬ ሜትር ቤት በ8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለማንጠፍ 4 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ጉዝጓዝ በይዘት እንጂ በኪሎ አይገዛም፤ በኪሎ የገዛ ውሃም ይገዛል። ግዢው ታኅሣሥና ጥር፣ ጤፍ ሲወቃ ይሁን። ጣሪያ ስር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ርብራብ ላይ ይቀመጥ። ክረምት ላይ "ጭድ ተወደደ" ብሎ የሚሮጥ፣ እንደኔ ርካሽ ፍለጋ ይገባል።

ላኪዎችና ዩኒየኖች፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ገለፈቱ ከመቀሸሪያው ሲወጣ ሜዳ ላይ ከተደፋ ቆሻሻ ነው። ሸራ ስር ደርቆ፣ በማዳበሪያ ከታሰረ ግን ዕቃ ነው፤ ገዢውም በእምነት ይገዛችኋል። እኔም ከእንግዲህ ሆዱን ሳላይ ማዳበሪያ አላሻሽጥም።

የዛሬው የእህል ዋጋ ማታ ይለጠፋል። መልካም ገበያ።