ባቄላው ከተማ ሲገባ ለሕፃኑ ምን ተረፈ?

አዲስ አበባ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ባቄላ፣ ምስርና እንቁላል የሚሸምት አይጠፋም። ይህን አምርቶ ለገበያ በሚያወጣው ገበሬ ቤት ግን ጡት የተወ ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚያድገው በእህል ገንፎ ብቻ ነው። የማኅበር መሪዎች ወደ ገበያ የወጣውን ኩንታል ሲቆጥሩ ለቤት የቀረውንም ቁና ቢጠይቁ ተገቢ ነው።

ሰውነት ገንቢው ፕሮቲን በጤፍና በስንዴም አለ፤ ሆኖም ላይሲን የተባለው ክፍሉ ያንሳቸዋል። ጉድለቱን ጥራጥሬ ይሞላዋል። ከ100 ግራም ደረቅ ባቄላ ሩቡ ያህል ፕሮቲን ነው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ይሰጣል። እንጀራ በሽሮ የሚበላ አዋቂ በጾምም ብዙ አይጎዳም፤ የሕፃን ሆድ ግን ትንሽ ነውና እንቁላልና ወተት ይሻል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መዘጋጀት የጀመረው ፋፋም እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ያዋሐደ ነበር። በቤትም ሦስት እጅ እህል ከአንድ እጅ ጥራጥሬ ጋር ተቆልቶ ተፈጭቶ ለገንፎ ይሆናል። ጓያ ግን ዘወትር ሲበላ እግር ስለሚያሽመደምድ ከድብልቁ ይውጣ።