እግር የሚያሳብጠው ቀይ አፈር

አንባቢ ሆይ፥ ከባሕር ዳር ተነሥተህ በጀልባ ቁንዝላ ወርደህ እግሩ ያበጠ ገበሬ ብታገኝ ትሸሸዋለህን? አትሽሽ። በጐጃም ደጋና ወይና ደጋ የሚታየው ይህ የዝሆኔ ዓይነት ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ እንደ መረመሩት፥ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው የቀይ አፈር ብናኝ ባዶ እግሩን በሚያርስ ሰው ቆዳ ሰርጎ ይገባል፤ ከደም ሥር ጐን ለጐን የሚሄዱትን የሊምፍ ቧንቧዎች እያቈሰለ ይዘጋል፤ እግርም ያብጣል። ዘር ተጋላጭ ቢያደርግም፥ ያለ አፈሩ በሽታው አይነሣም።

መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ መጫማት ነው። የታመመም እግሩን በየቀኑ በሳሙና ይታጠብ፥ ቅባት ይቀባ፥ ጫማ ያድርግ።

ነገ መምህር ወይም ጸሐፊ ሆነህ ወደዚያ ብትላክ ይህን ንገር፤ አስቀድመህ ግን ከታመመው ጋራ በአንድ ማዕድ ቅረብ።