የስም ንግድ በተማሪ ኪስ

ከአዋሽ ተነሥቶ በገዋኔ፥ በሚሌና በሎግያ አድርጎ ሰመራን አልፎ እስከ ገላፊ በሚዘልቀው መንገድ የተጓዘ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። የከተሞቹ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁሉም እንደ መሰለው ይጽፈዋል። ሰመራን አንዱ «ሴ» ብሎ፥ ሌላው «ሳ» ብሎ ይጀምረዋል፤ ገላፊንም እንዲሁ «ጌ» የሚልና «ጋ» የሚል አለ። ይህ ነገር ለእኛ ለቋንቋ ተማሪዎች የሻይ ሰዓት ጨዋታ ሲሆን ለስም ነጋዴ ግን የገንዘብ ጉዳይ ነው።

የስም ነጋዴ ስንል ዶሜይን የሚባለውን የድረ ገጽ መጠሪያ በጥቂት ዋጋ አስመዝግቦ ኋላ ለሚፈልገው ሰው አትርፎ የሚሸጠውን ማለታችን ነው። በመኝታ ቤታችን ይህ ወሬ ከተነሣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ወሬውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ልጅ በ10 ዶላር ገዝቶ በ10 ሺህ ሸጠ ይባላል፤ ልጁን ግን በዓይኑ ያየው ሰው የለም።

ከወሬው ውስጥ እውነቱ እንዲህ ነው። «ቢዝነስ ነጥብ ኮም» የተባለው ስም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 በ7 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ተሸጧል፤ «ቮይስ ነጥብ ኮም» ደግሞ በ2019 30 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ነገር ግን ቮይስን የሸጠው በዚያን ጊዜ ማይክሮስትራቴጂ ይባል የነበረ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ እንጂ ኪሱን የሚዳብስ ተማሪ አልነበረም። እነዚህን የመሰሉ ተራ የእንግሊዝኛ ቃላትም ገና ጥንት ተይዘው አልቀዋል። የመጀመሪያው የ«ኮም» ስም የተመዘገበው በ1985 መሆኑን ስናስታውስ፥ እኛ የደረስነው ገበያው ከተፈታ በኋላ ነው ለማለት ይቻላል።

ለመሆኑ ገንዘብ ተከፍሎ የሚያዘው ምንድን ነው? ብዙ ሰው እንደ ርስት ይቈጥረዋል፤ ጉዳዩ ግን ኪራይ ነው። የ«ኮም»ን መዝገብ የሚይዘው ቬሪሳይን የተባለው ኩባንያ ነው፤ እርሱም በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለእያንዳንዱ ስም በዓመት 10 ዶላር ከ26 ሳንቲም ከመዝጋቢ ድርጅቶች ይቀበል ነበር፤ መዝጋቢዎቹም የራሳቸውን ጨምረው ለእኛ ይሸጣሉ። በአንድ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ መያዝ አይፈቀድም። የኪራዩ ዘመን ሲያልቅ ያላደሰ ሰው እስከ 45 ቀን ድረስ ሊታገሡት ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ስሙን ለማስመለስ ከባድ መቀጫ መክፈል አለበት፤ ከዚያም 5 ቀን ቆይቶ ስሙ ለመጣ ሁሉ ክፍት ይሆናል። የወደቀ ስም ለመልቀም ሌሊትና ቀን የሚጠብቁ ኮምፒውተሮች ስላሉ ደህና ስም ከሆነ አንድ ደቂቃ እንኳ ሜዳ ላይ አይውልም።

በአገራችን «ነጥብ ኢቲ» የሚለውን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ገላፊ ላይ ከኬላው ማዶ የጅቡቲ «ነጥብ ዲጄ» ይጀምራል፤ በፈረንጅ አገር በጭፈራ ቤት ሸክላ የሚያጫውቱት ሰዎች «ዲጄ» ስለሚባሉ ይህ መጠሪያ በእነርሱ ዘንድ ተወዳጅ ነው። ፊደል ዕድል ያመጣላት ሌላዋ ትንሽ ደሴት አንጉዊላ ናት፤ «ነጥብ ኤአይ» የእርሷ ስለ ሆነ፥ የሰው ሠራሽ አእምሮ ነገር ሲገን በ2023 ብቻ 32 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገብታለች። ኢቲን በእንዲህ ያለ ነገር የሚፈልግ ግን እስካሁን ብዙም አልመጣም።

አሁን ወደ ኪሳችን እንመለስ። አንድ ተማሪ 10 ስሞችን በ11 በ11 ዶላር ቢይዝ በዓመት 110 ዶላር ነው። በሥራው የቆዩ ሰዎች እንደሚሉት ከመቶ ስም በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቢሸጥ ደህና ነው። እንግዲህ 10 ስም ያለው ሰው አንዱን ለመሸጥ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይጠብቃል ማለት ነው፤ እስከዚያም ከ550 እስከ 1,100 ዶላር ለእድሳት ይከፍላል። አንዱ ስም ሲሸጥ ይህን ያህል ካላወጣ፥ በዚያም ላይ የአሻሻጩ ኮሚሲዮን ሲቀነስ፥ ንግዱ ኪሳራ ነው። የዶላሩም ነገር አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንዱ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበረ፤ የምንዛሪው ሥርዓት በዚያን ቀን ከተለወጠ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መዝጋቢው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በእኛ በኩል ኪራዩ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ይህን ሒሳብ የሠራነው ዘግይተን ነው። አራት ሆነን አዋጥተን 5 ስሞች አስመዝግበን ነበር። በዶላር የሚከፍል ካርድ ስላልነበረን ባሕር ማዶ የሚኖሩ የአንደኛው ጓደኛችን አጎት ከፈሉልን፤ ስሞቹም በእርሳቸው ኢሜይል ተመዘገቡ። ዓመቱ ሲደርስ የእድሳቱ ማስታወቂያ የተላከው ለእርሳቸው ነው። አጎታችን የፈረቃ ሠራተኛ ናቸው፤ ደብዳቤውን እንደ ማንኛውም የማስታወቂያ ወረቀት ቈጥረው አለፉት፤ እኛም ፈተና ላይ ነበርን። አራቱ ስሞች ወደቁ። በእርሳቸው ማዘን አንችልም፤ በመዝገቡ ላይ የስሞቹ ባለቤት እርሳቸው እንጂ እኛ አልነበርንምና። በሰው ካርድ የሚከፍል ተማሪ ቢያንስ የባለቤቱን ስምና ኢሜይል የራሱን ያድርግ።

ስም የመምረጡ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስታል። ለምሳሌ አዋሽ ወንዝ ነው፥ ከተማም ነው፤ ነገር ግን የባንክም ስም ነው። «አዋሽ» ላይ ከገንዘብ ጋር የሚዛመድ ቃል ቀጥሎ አስመዝግቦ ለባንኩ ልሽጥ የሚል ሰው የንግድ ምልክት ሕግ ውስጥ ይገባል። በአገራችን የንግድ ምልክት የሚጠበቀው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። በዓለም ደረጃ ደግሞ አይካን የተባለው የበላይ ተቈጣጣሪ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው የክርክር ሥርዓት አለ፤ ከሳሹ ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፤ ስሙ ከምልክቱ ጋር የሚያሳስት መሆኑን፥ ያስመዘገበው ሰው መብት እንደሌለውና በክፉ ልቡና መያዙን። ስሙን ከወጪው አስበልጦ ለምልክቱ ባለቤት ለመሸጥ ብሎ መያዝ ራሱ እንደ ክፉ ልቡና ማስረጃ ይቈጠራል። የተረታ ሰው መቀጫ አይከፍልም፤ ስሙን ግን ያለ ካሣ ይነጠቃል።

እንደ ሰመራ ያለ የቦታ ስምስ? «ሳ» ብሎ የሚጀምረውን በቮልጋ ወንዝ ዳር ያለች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት የሩሲያ ከተማ ትጋራዋለች፤ ስለዚህ በዚያ ሆሄ ደህናው ስም ለእኛ እስኪደርስ አይቈይም። «ሴ» ብሎ የሚጀምረውን የያዘ ደግሞ ግማሹ ፈላጊ በሌላው ሆሄ ሲፈልገው ይኖራል። በራሳችን ፊደል እንጻፈው ያልን እንደ ሆነ ይቻላል፤ ኮምፒውተሩ በስተጀርባ ወደ ላቲን ምልክት ይለውጠዋል። ግን ያው ችግር በሌላ በር ይመጣል፤ አፋር በ«አ» ነው ወይስ በ«ዐ»? ሰመራስ በእሳቱ «ሰ» ነው ወይስ በንጉሡ «ሠ»? ለጆሮ አንድ የሆነው ለመዝገቡ ልዩ ልዩ ስም ነው፤ ሁሉን እይዛለሁ የሚል ሰውም ለሁሉ በየዓመቱ መክፈል አለበት። ስለ ሞክሼ ፊደላት አስተማሪዎቻችን ሲከራከሩ እያንቀላፋን ያለፈው ሰዓት እዚህ ላይ ዋጋ አስከፈለን።

ይሁን እንጂ ዋናው ነገር ገዢው ነው። በሰመራ ሆቴል ያለው ሰው ደንበኛ የሚያገኘው በስልክ ቁጥሩ ነው፤ ቢበዛ ቴሌግራምና ፌስቡክ ይጨምራል። ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ ገላፊ ላይ የጉምሩክ ወረቀቱን የሚጠብቅ ሾፌርም የት እንደሚያድር የሚጠይቀው ሌላውን ሾፌር ነው። ለእንዲህ ያለው ባለ ሆቴል ባዶ ስም ይዘን ብንሄድ «ምን ላደርገው ነው?» ይለናል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። በእኛ አስተያየት በዚህ መንገድ ላይ የሚሸጥ ነገር ካለ ስም ብቻውን ሳይሆን ስምና ገጽ በአንድ ላይ ነው፤ ይኸውም የክፍሎቹ ፎቶግራፍ፥ ዋጋው፥ ስልኩ፥ ጄኔሬተርና ማቀዝቀዣ መኖሩ በአማርኛ፥ በአፋርኛና በፈረንሳይኛ ተጽፎ ሲቀርብ ነው። ያም ሲሆን የሚከፈለን ለሥራችን ነው፤ ስሙ የዕቃው መጠቅለያ ይሆናል።

ከአምስቱ የቀረን አንድ ስም ነው፤ «ገላፊ» የሚል ቃል አለበት። አሁን በራሳችን ኢሜይል ተመዝግቧል። የሚታደሰው በጥቅምት ስለ ሆነ ከአራታችን ሁለቱ ይውደቅ ብለዋል፤ ሁለታችን ግን በክረምቱ ዕረፍት የመንገዱን የማደሪያ ቤቶች ስልክ ሰብስበን ገጽ ልንሠራበት ተስማምተናል። መዋጮውን የምንከፍለው እኛ ሁለታችን ብቻ ነን።