ስለሚሞላ ዲስክና ስለ ሁለቱ ቆጣሪዎቹ

ሰርቨር የተባለው ማሽን በአንድ መሥሪያ ቤት ጓዳ ውስጥ ሌሊትና ቀን ሳያርፍ ተቀምጦ፣ ደብዳቤ ሲያመላልስ፣ ሒሳብ ሲይዝና የሰውን ጥያቄ ሲመልስ የሚኖር ትጉህ አገልጋይ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ሥራው ጋራ ግን ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የማያስበው አንድ ሌላ ግብር አለው፣ ይኸውም የሠራውን ሁሉ መጻፍ ነው። ማን በስንት ሰዓት እንደ ገባ፣ ምን ጠይቆ ምን እንደ ተሰጠው፣ የትኛው ፕሮግራም ተነሥቶ የትኛው እንደ ወደቀ፣ በነገሥታት ግቢ ይቀመጥ እንደ ነበረው ዜና መዋዕል ጸሐፊ አንዲቱን ሳይዘነጋ ያሰፍራል። የሙያው ሰዎች ይህን መዝገብ ሎግ ይሉታል። ቃሉ ከባሕር የመጣ ነው፤ የቀድሞ ዘመን እንግሊዛውያን መርከበኞች በገመድ የታሰረ የእንጨት ጕማጅ ወደ ውኃው እየጣሉ የመርከባቸውን ፍጥነት ይለኩ ነበርና፣ ልኩ የሚጻፍበት ደብተር በጕማጁ ስም ተጠራ፣ ከመርከብም ወርዶ ወደ ኮምፒዩተር ገባ።

ጸሐፊው አይደክምም፤ ብራናው ግን ያልቃል፤ የዚህ ሐተታ ነገርም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አይቢኤም የተባለው ኩባንያ ራማክ ከተባለው ማሽኑ ጋራ የመጀመሪያውን የዲስክ መሣሪያ ለዓለም ሲያቀርብ፣ 50 ሰፋፊ ሳሕኖች በአንድ ምሰሶ ላይ ተደርድረውለት ሳለ፣ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ በመዳፍ የሚያዝ ዲስክ የዚያን ሚሊዮን እጥፍ ይይዛል፤ ነገር ግን ቦታው በሰፋ ቍጥር የሚጻፈውም በዝቷልና መሙላቱ አልቀረም። ለእኛ በግእዝ ፊደል ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ በሚጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት ሥርዓት አንድ የላቲን ሆሄ አንድ ባይት ሲወስድ የእኛው እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ምንም እንኳ የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት የሚይዝ ስለ ሆነ ጕዳቱ ሦስት እጥፍ ባይደርስም፣ «ሰላም» ብሎ በአማርኛ የሚመዘግብ ፕሮግራም 9 ባይት ሲያወጣ ያንኑ ቃል በላቲን ሆሄ የሚመዘግበው 5 ብቻ ያወጣል።

ጥንቁቅ የሆነ የሰርቨር መጋቢ ዲስኩን እንደ አንድ ሰፊ አዳራሽ አይተወውም፤ እህሉን ከልብሱ፣ ልብሱንም ከመጻሕፍቱ ለይቶ እንደሚያስቀምጥ የግምጃ ቤት ሹም፣ ፓርቲሽን በሚባሉ ክፍሎች ይከፍለዋል፣ የአንዱ ክፍል ማበጥ ሌላውን እንዳያስጨንቀው። በሊኑክስ ማሽን ሎጎቹ የሚቀመጡበት ፎልደር ቫር ይባላል፤ ስሙም «ተለዋዋጭ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረ ነው፣ በውስጡ ያለው ነገር ከቀን ወደ ቀን የሚያድግና የሚለወጥ ነውና። ይህ ፎልደር ያለበት ክፍል ሞልቶ ጢም ሲል ማሽኑ አይቃጠልም፣ አይጮኽም፣ መብራቱም አይጠፋም፤ ነገር ግን ዳታቤዙ አልጽፍም ይላል፣ ደብዳቤው ይመለሳል፣ ተጠቃሚውም ትክክለኛውን የይለፍ ቃል እየጻፈ በሩ ይዘጋበታል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ደዌው ሺህ ዓይነት ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን አንድ ነው።

ይህን ደዌ ለመመርመር ከጥንት ጀምሮ ሁለት ቆጣሪዎች አሉ፤ አንዱ ዲኤፍ፣ ሁለተኛው ዲዩ ይባላል። ሁለቱም ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ የፈጠሩት ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1971 በወጣው የመጀመሪያ መመሪያው ላይ ተጽፈው ይገኛሉ፣ እስከ ዛሬም በየሰርቨሩ ያገለግላሉ። የሁለቱ ግብር አንድ ይመስላል፤ አቈጣጠራቸው ግን እጅግ ይለያያል፤ ምሥጢሩም ሁሉ በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። ዲኤፍ ወደ ጎተራው አይገባም፤ የግምጃ ቤቱን ሹም ጠርቶ «ስንት ወጪ ሆነ? ስንት ቀረ?» ብሎ መዝገቡን አይቶ ይመለሳል፣ ስለዚህም መልሱ በቅጽበት ይደርሳል። ዲዩ ግን ፋኖሱን ይዞ ከጓዳ ወደ ጓዳ እየዞረ፣ በበሩ ላይ ስሙ የተጻፈውን እያንዳንዱን ከረጢት አንሥቶ ይመዝናል፤ ብዙ ከረጢት ባለበት ቤት ሥራው ረዥም ጊዜ ይወስድበታል።

አዋቂ ሰው አስቀድሞ በዲኤፍ የሞላው ክፍል የትኛው እንደ ሆነ ይለያል፤ ከዚያም ዲዩን ይዞ ከላይ ወደ ታች፣ አንዱን ደረጃ ካየ በኋላ ወደሚቀጥለው እየወረደ፣ ወደ ሌላ ፓርቲሽን እንዳይሻገር እየከለከለ፣ ከሁሉ የከበደውን ይከተላል። አብዛኛውን ጊዜ ፍለጋው የሚያበቃው በአንድ እጅግ በገዘፈ የሎግ ፋይል ላይ ነው። የጀማሪ እጅ እዚህ ላይ ሲደርስ ወደ ማጥፋት ይቸኩላል፤ እኔ ግን በብርቱ የምለምነው አስቀድሞ የፋይሉን መጨረሻ ገልጦ እንዲያነብ ነው። አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር በየሰከንዱ መቶ ጊዜ ተደጋግሞ ያገኛል፤ አንድ ፕሮግራም የሚፈልገውን ሌላ ፕሮግራም አጥቶ ወይም የማይከፈት በር እያንኳኳ ሲጮኽ ያድራል። ፋይሉ ደዌው አይደለም፣ የደዌው ምስክር ነው፤ ምስክሩን ሳይሰሙ ያሰናበቱት እንደ ሆነ ጩኸቱ በማግሥቱ ያንኑ ቦታ መልሶ ይሞላዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ከእንቅልፍዎ ስለ ቀሰቀስኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ትልቁን ሎግ አጠፋሁት፣ ዲኤፍ ግን አሁንም መቶ በመቶ ሞልቷል ይላል» አለችኝ። «ዲዩስ ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ከ40 ጊጋባይቱ 11 ብቻ ነው የተያዘው ይላል። ማንን ልመን?» «አይዞሽ፣ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ፕሮግራሙን ብቻ እንዳታቆሚው» አልኋት፣ ተነሥቼም ወደ ማሽኑ ገባሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዩኒክስ ሥርዓት የአንድ ፋይል ስምና አካል የተለያዩ ናቸው። አካሉ አይኖድ በተባለ ቍጥር ተመዝግቦ በዲስኩ ላይ ይተኛል፤ ስሙ ደግሞ በፎልደር ውስጥ ተጽፎ ወደዚያ ቍጥር የሚያመለክት ጽሑፍ ነው። ፋይል አጠፋሁ የሚል ሰው በእርግጥ ያጠፋው ስሙን ነው። ሌላ ስም ካልቀረለትና ከፍቶ የያዘውም ፕሮግራም ከሌለ አካሉም ወዲያው ይፈርሳል፣ ቦታውም ይመለሳል፤ ከፍቶ የያዘው ፕሮግራም ካለ ግን፣ ሥርዓቱ ለዚያ ፕሮግራም ያለውን ታማኝነት ጠብቆ፣ እስኪዘጋው ድረስ አካሉን ያቈይለታል። ስሙ ከመዝገብ የተፋቀ፣ አካሉ ግን ገና ያለ፣ እያደገም የሚሄድ ፋይል ማለት ይህ ነው። ዲዩ በየበሩ ስም እያነበበ የሚዞር ስለ ሆነ ይህን ስም የለሽ ከረጢት ሊያገኘው አይችልም፤ የሹሙ መዝገብ ግን ወጪውን አልረሳውም።

እንዲህ ያለውን ስውር ፋይል የሚገልጥ ኤልሶፍ የተባለ መሣሪያ አለ፤ የሠራው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ቪክ ኤብል ነው፣ ማናቸው ፕሮግራም ማናቸውን ፋይል እንደ ያዘ አንድ በአንድ ይቈጥራል፣ ስማቸው ጠፍቶ አካላቸው የቀረውንም ለይቶ ያሳያል። በዚያች ሌሊት 29 ጊጋባይት የሚያህለውን የጠፋ ሎግ ሳይለቅ የያዘውን ፕሮግራም በዚሁ አገኘነው። ፕሮግራሙ እስካልቆመ ድረስ ደግሞ ሊኑክስ ፕሮክ በሚባለው መስኮቱ በኩል ያንን አካል ለማንበብ ይፈቅዳልና፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሺህ መስመሮች ቀድተን አነበብናቸው፤ አድራሻው ወደ ተለወጠ የደብዳቤ ሰርቨር መልእክት ለማድረስ ሲደክም የከረመ ፕሮግራም ነበር። አድራሻውን አቀናንተን ሪስታርት ብናደርገው ዲኤፍ ከ100 ወደ 28 በመቶ ወረደ። ባልደረባዬ ያን ዕለት ከተማረችው አንዱ፣ እየተጻፈበት ያለን ሎግ ከነስሙ ከማጥፋት ይልቅ ስሙን ትቶ ውስጡን ባዶ ማድረግ የተሻለ መሆኑን ነው፤ እንዲህ ሲሆን ፕሮግራሙ ሳይደናገጥ ቦታው ወዲያው ይመለሳል።

ሁለቱ ቆጣሪዎች የሚለያዩበት ሌላም ምክንያት አለ። በአንድ ፎልደር ላይ ሌላ ፓርቲሽን የተደረበበት እንደ ሆነ፣ ቀድሞ በዚያ የነበሩት ፋይሎች ምንጣፍ እንደ ተነጠፈባቸው ያህል ከዓይን ይሰወራሉ፣ ቦታ ግን ይወስዳሉ። ቦታ ሳያልቅ አይኖድ የሚያልቅበትም ጊዜ አለ፤ ኤክስት 4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ሲዘረጋ የአይኖዱን ኍልቍ ወስኖ፣ በተለመደው ልክ ለየ16 ኪሎባይቱ አንድ ብቻ ስለሚያዘጋጅ፣ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ፋይሎች የበዙበት ክፍል ግማሹ ባዶ ሳለ «ሞልቻለሁ» ይላል። ደግሞም ይኸው ሥርዓት ከመቶ አምስቱን እጅ ለማሽኑ የበላይ አስተዳዳሪ ብቻ ይጠብቅለታል፣ ሁሉ በተጨነቀ ጊዜ ገብቶ የሚያቃናበት ቦታ እንዳያጣ። አንዳንዱ ሰው ይህን ቦታ እንደ ብክነት ቈጥሮ ይሰርዘዋል፤ ሥርዓተ ማሽኑ ባለበት ክፍል ላይ እንዲህ ማድረግን እኔ አልመክርም።

በስም ምክንያት ስለ ደረሰ ጥፋት ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ፖስትግሬስ የተባለው ታላቅ ዳታቤዝ የሚጽፈውን ሁሉ በዋናው ቦታ ከማስፈሩ በፊት አስቀድሞ በአንድ ልዩ መዝገብ ያሰፍረዋል፣ መብራት ቢጠፋ ከዚያ አንብቦ እንዲድን። ይህ መዝገብ የሚቀመጥበት ፎልደር ቀድሞ በስሙ ውስጥ «ሎግ» የሚል ቃል ነበረበት፤ ዲስክ ሞልቶባቸው የተጨነቁ ሰዎችም ተራ ሎግ መስሏቸው እየደመሰሱት፣ ከዳታቤዙ ጋራ የሰው ሒሳብና የሰው ድካም አብሮ ጠፋ። ሠሪዎቹ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 10ኛ እትም ስሙን እስከ መለወጥ ደረሱ። ይህ መዝገብ ያለ ልክ የሚያድገው ብዙ ጊዜ በእምነት ምክንያት ነው፤ ዋናው ሰርቨር የጻፈውን ለሚቀዳ ለሌላ ሰርቨር ቦታ ተይዞለት ሳለ ያ ሁለተኛው ሞቶ እንደ ሆነ፣ ዋናው መሞቱን ሳያውቅ ድርሻውን ሁሉ እያስቀመጠ ይጠብቀዋል። መድኃኒቱ መዝገቡን መደምሰስ ሳይሆን፣ የማይመለሰውን ተቀባይ ከዝርዝሩ መሰረዝ ነው።

በተለመደው ቀን ተራ ሎጎች ያለ ልክ እንዳያድጉ የሚከላከለው ሎግሮቴት የሚባል ትሑት አገልጋይ ነው፤ የትናንቱን ሎግ ስሙን ለውጦ ያስቀምጣል፣ የቈየውን ይጨምቃል፣ ዘመኑ ያለፈውን ያስወግዳል። ዶከር በተባለው ሥርዓት የሚሮጡ ፕሮግራሞች ግን ሎጋቸው በተለመደው አሠራር ወሰን የለውም፤ ባለቤቱ ራሱ ወሰን ሊያበጅለት ይገባል።

ከሞሉ ግምጃ ቤቶች ሁሉ ልቤን እጅግ የነካኝ ግን በምድር ላይ ያልነበረው ነው። ስፒሪት የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2004 በማርስ ላይ ካረፈች ሦስት ሳምንት ሳይሞላት፣ ጃንዋሪ 21 ቀን፣ ድምፅዋ ተቋረጠ። በረዥሙ የሰማይ ጕዞዋ የተከማቹት ፋይሎች ኍልቍ እጅግ በዝቶ ስለ ነበር፣ ኮምፒዩተርዋ የፋይሎቹን ዝርዝር ለማንበብ በሞከረ ቍጥር ማኅደረ ትውስታው እየጠበበው ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ያንኑ ዝርዝር ሲከፍት ይወድቃል፤ ሌሊት መተኛት ስላልቻለችም ባትሪዋ ይደክም ነበር። መሐንዲሶቹ ከሚሊዮኖች ኪሎሜትር ርቀት ላይ ሆነው ወደ ግምጃ ቤትዋ ሳትገባ እንድትነሣ አዘዟት፤ በዚያም ሁኔታ ቆማ የሆነባትን እንድትነግራቸው አደረጉ፣ ምክንያቱንም ካወቁ በኋላ ትርፉን ፋይል አስወገዱ፣ ቀጥሎም ግምጃ ቤቱን እንደ አዲስ አዘጋጁላት። ለ90 የማርስ ቀናት ታስባ የነበረችው ስፒሪት እስከ ማርች 2010 ድረስ መልእክትዋን ወደ ምድር ስትልክ ቈየች።