የዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች መምህራን ዝግጅት

የዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች መምህራን ዝግጅት የሂሳብ አያያዝ (አካውንቲንግ) መምህራን እነዚህን ደረጃዎች በሚገባ ማስተማር እንዲችሉ ዕውቀት፣ የማስተማር ዘዴና የሥራ ልምድ የሚያገኙበት ሂደት ነው። ደረጃዎቹ በአገራችን በብዛት አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. በሚለው አጭር ስማቸው ይታወቃሉ። አንድ አገር ደረጃዎቹን በአዋጅ ሊቀበል ይችላል። ሪፖርቱን የሚያዘጋጁት፣ ኦዲት የሚያደርጉትና የሚያነቡት ሰዎች ግን ከትምህርት ቤት የሚወጡ ስለሆኑ፣ የአዋጁ ውጤት በመምህሩ ዝግጅት ላይ ይመሠረታል።

ታሪካዊ መነሻ

የዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1973 ለንደን ውስጥ ተቋቋመ። ኮሚቴው ያወጣቸው ደረጃዎች አይ.ኤ.ኤስ. ተብለው ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃዎች ቦርድ ሥራውን ተረከበ። ከዚያ ወዲህ የወጡት አዳዲስ ደረጃዎች አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. የሚለውን ስም ይዘዋል። የቀድሞዎቹም ካልተሻሩ በሥራ ላይ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነዚህ ደረጃዎች እንዲጠቀሙ ካስገደደ በኋላ ብዙ አገሮች ተከተሉ። ዛሬ ከ140 በላይ አገሮችና ግዛቶች ደረጃዎቹን ይጠቀማሉ።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የሂሳብ መዝገብ ስለመያዝ የሚደነግገው ዋናው ሕግ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነበር። ሕጉ መዝገብ መያዝን ቢያስገድድም ሪፖርቱ በየትኛው የሂሳብ ደረጃ እንደሚዘጋጅ በዝርዝር አልወሰነም። በዩኒቨርሲቲዎች የሂሳብ ትምህርት በአመዛኙ በአሜሪካን የመማሪያ መጻሕፍት ይሰጥ ስለነበር፣ ብዙ መምህራን የተማሩትም ሆነ ያስተማሩት የአሜሪካን የሂሳብ አሠራር ነው።

ይህን የለወጠው የፋይናንሻል ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው። የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 332/2007 ተቋቋመ። በዚህ ሥርዓት ሪፖርት አቅራቢዎች በሦስት ይከፈላሉ፦

* የሕዝብ ጥቅም ያለባቸው ድርጅቶች፣ ለምሳሌ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትልልቅ የልማት ድርጅቶች፣ ሙሉውን አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. ይጠቀማሉ።
* አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ለነርሱ ተብሎ የተዘጋጀውን አጠር ያለ ደረጃ ይጠቀማሉ።
* የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት የመንግሥታዊ ዘርፍ ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃዎችን (አይ.ፒ.ኤስ.ኤ.ኤስ.) ይጠቀማሉ።

አፈጻጸሙ በሦስት ምዕራፍ የተከፈለ ሲሆን ባንኮችና ኢንሹራንሶች በመጀመሪያው ምዕራፍ ተካተዋል። ስለዚህ የሂሳብ መምህሩ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሦስት የተለያዩ የደረጃ ዓይነቶችን እንዲያውቅ ተገደደ። ልዩነታቸውም ቀላል አይደለም። ለምሳሌ ድርጅቱ ሕንፃ ለማስገንባት ቢበደር፣ በሙሉው አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. በግንባታው ጊዜ የሚከፈለው ወለድ በሕንፃው ዋጋ ላይ ይደመራል። በአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ደረጃ ግን ወለዱ በወጪነት ይመዘገባል። አንድ ሕንፃና አንድ ብድር ሁለት የተለያዩ ትርፎችን ያሳያሉ ማለት ነው።

መምህሩ እንደገና ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች

በአሜሪካን አሠራር የሠለጠነ መምህር አዲስ ነገር ከመጨመሩ በፊት ቀድሞ ያወቀውን መመርመር አለበት። ከዋና ዋናዎቹ ልዩነቶች የሚከተሉት ይገኛሉ፦

* የዕቃ ክምችትን ሲተምኑ በመጨረሻ የገባው በቅድሚያ ወጣ ብሎ ማስላት በአሜሪካን አሠራር ይፈቀዳል፤ በአይ.ኤ.ኤስ. 2 ክልክል ነው።
* መሬት፣ ሕንፃና መሣሪያን በየጊዜው በወቅቱ ዋጋ እንደገና መተመን በአይ.ኤ.ኤስ. 16 እንደ አማራጭ ይፈቀዳል፤ በአሜሪካን አሠራር አይፈቀድም።
* ዋጋው ወድቆ ኪሳራ የተመዘገበበት ንብረት ዋጋው ቢያገግም፣ በአይ.ኤ.ኤስ. 36 ከመልካም ስም (ጉድዊል) በስተቀር ኪሳራው ሊመለስ ይችላል፤ በአሜሪካን አሠራር በአገልግሎት ላይ ላለ ንብረት አይመለስም።
* የአዲስ ምርት ልማት ወጪ በአይ.ኤ.ኤስ. 38 የተዘረዘሩትን መመዘኛዎች ካሟላ በሀብትነት ይመዘገባል፤ በአሜሪካን አሠራር ብዙውን ጊዜ ወጪ ይሆናል።

መምህሩ እነዚህን ሳያጣራ የቀድሞ ማስታወሻውን ርእስ ብቻ ቢለውጥ፣ ተማሪው በአይ.ኤፍ.አር.ኤስ. ስም የተከለከለ አሠራር ይዞ ወደ ሥራ ይሄዳል። ስህተቱም የሚታወቀው በፈተና ላይ ሳይሆን በኦዲት ጊዜ ነው።

በመርህ ላይ የተመሠረተ ትምህርት

አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. በአመዛኙ በመርህ ላይ የተመሠረተ ነው ይባላል። ደረጃው ለእያንዳንዱ ሁኔታ የተቆረጠ ቁጥር አይሰጥም። ዓላማውንና መርሁን ያስቀምጥና ግምቱንና ሙያዊ ውሳኔውን ለአዘጋጁ ይተዋል። በሸምደዳ የሚሰጥ ትምህርት ለዚህ የማይበቃውም ለዚህ ነው።

ይህን ችግር ለመፍታት የአይ.ኤፍ.አር.ኤስ. ፋውንዴሽን የትምህርት ክፍል በጽንሰ ሐሳብ ማዕቀፍ ላይ የተመሠረተ ማስተማር የተባለውን ዘዴ አስፋፍቷል። የጽንሰ ሐሳብ ማዕቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ዓላማ ምን እንደሆነ፣ ሀብትና ዕዳ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመዘገቡና እንዴት እንደሚለኩ የሚገልጽ ሰነድ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው እትም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 የወጣው ነው። በዚህ ዘዴ መምህሩ መጀመሪያ የሚያነሳው የኢኮኖሚውን ሁኔታ ነው። ቀጥሎ ለባለሀብቱና ለአበዳሪው የሚጠቅመው መረጃ የትኛው እንደሆነ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ደረጃው ምን እንደሚልና ከማዕቀፉ ጋር የሚስማማ ወይም የማይስማማ ስለ መሆኑ ያወያያል።

ትምህርቱ በሦስት እርከን ይሰጣል። ጀማሪው ተማሪ መሠረታዊ ሐሳቡንና ቀላል ስሌቱን ይማራል። መካከለኛው ደረጃውን ራሱን ያነባል፤ ቀላል ውሳኔዎችንም ይሰጣል። ሊመረቅ የተቃረበው ደግሞ መረጃው ያልተሟላ ጉዳይ ተሰጥቶት ውሳኔውን በምክንያት ይከላከላል።

ምሳሌ አንድ፦ የጭነት መኪናው

አንድ ድርጅት የጭነት መኪና በ3,000,000 ብር ገዛ እንበል። በቀድሞው ልማድ የእርጅና ቅናሹ በተወሰነ መቶኛ፣ ለምሳሌ በ20 በመቶ፣ ይሰላና በዓመት 600,000 ብር ይሆናል። ተማሪው መቶኛውን ማስታወስ ብቻ ይበቃው ነበር።

በአይ.ኤ.ኤስ. 16 ግን ሁለት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፦ ድርጅቱ በመኪናው ስንት ዓመት ይጠቀማል? በመጨረሻውስ መኪናው ስንት ያወጣል? ድርጅቱ 5 ዓመት ተጠቅሞ የሚሸጠው ከሆነና ቀሪ ዋጋው 1,000,000 ብር ነው ተብሎ ከተገመተ፣ የዓመቱ ቅናሽ 400,000 ብር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የመኪናው የመዝገብ ዋጋ 2,200,000 ብር ይሆናል።

ደረጃው ግምቱ ቢያንስ በየበጀት ዓመቱ መጨረሻ እንዲታይ ያዛል። በዚህ ጊዜ ያገለገሉ መኪናዎች ዋጋ ጨምሮ ቀሪ ዋጋው 1,600,000 ብር ነው ቢባል፣ የቀረው 600,000 ብር ለ3 ዓመት ይከፋፈልና የዓመቱ ቅናሽ 200,000 ብር ይሆናል። ያለፉት ዓመታት ሪፖርት አይነካም፤ የግምት ለውጥ ወደፊት ብቻ ይሠራል። ቀሪ ዋጋው ከመዝገብ ዋጋው እኩል ወይም በላይ ከሆነ ደግሞ፣ ቀሪ ዋጋው ተመልሶ እስኪወርድ ድረስ የእርጅና ቅናሹ ዜሮ ነው። ያገለገለ መኪና ዋጋ በሚወደድበት አገር ይህ ተማሪው ከመንገድ ላይ የሚያውቀው ነገር ነው።

ይህ ምሳሌ ተማሪው ለግብር የሚሰላው ቅናሽና ለፋይናንስ ሪፖርት የሚሰላው ቅናሽ የተለያዩ መሆናቸውንም ያሳየዋል። የግብር ሕጉ የራሱን መጠን ይወስናል። በሁለቱ መካከል ከሚፈጠረው ጊዜያዊ ልዩነት የሚመጣው የዘገየ ግብር በአይ.ኤ.ኤስ. 12 ይመዘገባል።

ምሳሌ ሁለት፦ የባንክ ብድር

እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. 9 ባንኮች የሚጠበቀውን የብድር ኪሳራ አስቀድመው እንዲመዘግቡ ያዛል። በቀድሞው አይ.ኤ.ኤስ. 39 ኪሳራ የሚመዘገበው መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ሲገኝ ነበር።

ባንኩ 10,000,000 ብር ቢያበድር፣ ተበዳሪው በሚቀጥሉት 12 ወራት ሳይከፍል የመቅረቱ ዕድል 2 በመቶ ቢሆንና መያዣው ተሸጦ ሳይመለስ የሚቀረው 40 በመቶ ቢሆን፣ የሚጠበቀው ኪሳራ 80,000 ብር ነው። በኋላ የተበዳሪው የብድር ሥጋት በጉልህ ከጨመረ ባንኩ የብድሩን ሙሉ ዘመን ማየት አለበት። በሙሉ ዘመኑ ሳይከፍል የመቅረቱ ዕድል 15 በመቶ ቢሆን ኪሳራው ወደ 600,000 ብር ያድጋል። ለቀላልነት ሲባል እዚህ የገንዘብን የጊዜ ዋጋ አላሰላንም።

ማባዛቱን ማንም ተማሪ ይችለዋል። መምህሩ ሊያስተምረው የሚገባው ግን 2 በመቶ ከየት መጣ የሚለውን ነው። መልሱ በባንኩ የቀድሞ መረጃ፣ በአሁኑ ሁኔታና በመጪው የኢኮኖሚ ትንበያ ይመሠረታል። የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ብድሮችን ክፍያ በዘገየበት ጊዜ ልክ እየመደበ የመጠባበቂያ መጠን ስለሚያዝ፣ ተማሪው ሁለቱ ስሌቶች ለተለያየ ዓላማ መሆናቸውን መለየት ይኖርበታል። ግምቱ ቢያንስ የባንኩ ትርፍ ይጋነናል። ያ ትርፍም ለባለአክሲዮኖች ከተከፈለ በኋላ ኪሳራው ቢደርስ ጉዳቱ ለባንኩ ካፒታልና ለአስቀማጩ ይተርፋል።

የዝግጅቱ ክፍሎች

* የይዘት ዕውቀት፦ መምህሩ ማጠቃለያ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ደረጃዎቹን ራሳቸውን፣ ከነማብራሪያቸውና ቦርዱ ውሳኔውን ከመሠረተበት ምክንያት ጋር ያነባል።
* የማስተማር ዘዴ፦ የጉዳይ ጥናት ማዘጋጀት፣ ክርክር መምራትና ሁለት መልሶች ትክክል ሊሆኑ የሚችሉበትን ጥያቄ ማስተናገድ።
* የሥራ ልምድ፦ በኦዲት ድርጅት ወይም በባንክ የፋይናንስ ክፍል ለጥቂት ጊዜ መሥራት፣ ወይም ባለሙያን ወደ ክፍል መጋበዝ። የኢትዮጵያ ባንኮች ዓመታዊ ሪፖርቶች ታትመው ስለሚወጡ ለክፍል ንባብ ጥሩ መነሻ ናቸው።
* ተከታታይ ትምህርት፦ ደረጃዎቹ ይለወጣሉ። ስለ ኪራይ የሚደነግገው አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. 16 እ.ኤ.አ. በ2019፣ ስለ ኢንሹራንስ ውል የሚደነግገው አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. 17 በ2023 ሥራ ላይ ውለዋል። ስለ ሪፖርት አቀራረብ የወጣው አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. 18 ደግሞ ከጥር 1 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይ.ኤ.ኤስ. 1ን ይተካል።

ተግዳሮቶች

የመጀመሪያው የፈተና አወጣጥ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው የምርጫ ጥያቄ በመሆኑ አንድ ትክክለኛ መልስ ይፈልጋል። ሙያዊ ውሳኔ ግን የሚመዘነው በምክንያቱ ነው። ስለዚህ መምህሩ በክፍል ምዘናው ለማስረጃው፣ ለአመክንዮውና ለድምዳሜው ለየብቻ ነጥብ ቢሰጥ ይመከራል።

ሁለተኛው የገበያ መረጃ ነው። አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. 13 የትክክለኛ ዋጋ መረጃን በሦስት እርከን ይከፍላል። አንደኛው እርከን በሚሠራበት ገበያ ላይ የሚታይ ዋጋ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. እስኪመረቅ ድረስ ለአገር ውስጥ አክሲዮን እንዲህ ያለ ምሳሌ ማግኘት አዳጋች ነበር። መምህራን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እርከን በጥልቀት ማስተማር ያለባቸውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ደረጃዎቹ የሚነበቡት በእንግሊዝኛ ሲሆን አንዲት ቃል ውሳኔን ትለውጣለች። መምህሩ ሐሳቡን በአማርኛ ወይም ተማሪው በሚያውቀው ሌላ ቋንቋ ቢያብራራ ይጠቅማል። ሆኖም «ይቻላል»፣ «ይገባል» እና «ምናልባት ይሆናል» የሚሉት ደረጃው በተለየ ትርጉም የሚጠቀምባቸው ስለሆኑ፣ ተማሪው ከዋናው ጽሑፍ ጋር ማስተያየት አለበት።

አራተኛው የተማሪ ብዛት ነው። ክፍሉ በተጨናነቀበት ቦታ የጉዳይ ጥናት መምራት ይከብዳል። አንዱ መፍትሔ ተማሪዎችን በሦስት መክፈል ነው፦ አንዱ ቡድን ሪፖርት አዘጋጅ፣ ሁለተኛው ኦዲተር፣ ሦስተኛው አበዳሪ ይሆናል። ስለ ጭነት መኪናው ቀሪ ዋጋ ሦስቱ ሲከራከሩ አዘጋጁ ግምቱን ያቀርባል፣ ኦዲተሩ ማስረጃ ይጠይቃል፣ አበዳሪው ደግሞ ትርፉን ማመን ይችል እንደሆነ ይመረምራል። በሥራ ዓለምም የሚገጥማቸው ይኸው ነው።